ጉበት ደቦ ሲጠራ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ታሪክ

አንድ ሰው ለሚጥል በሽታ የታዘዘለትን ክኒን አንድም ቀን ሳያስተጓጉል ይውጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ደሙ ሲመረመር መድኃኒቱ በበቂ መጠን ይገኛል። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጠኑም ሰዓቱም ሳይለወጥ፣ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ወደ ግማሽ ወርዶ ይገኛል። ሕመሙም ተመልሶ ይጥለዋል። ሰውየው ክኒኑን አላቋረጠም፤ ፋርማሲውም የተበላሸ መድኃኒት አልሸጠለትም። የተለወጠው ጉበቱ ነው።

ሐኪሞች ይህን ክስተት ኢንዳክሽን ይሉታል። ጉበት አንድ መድኃኒት ደጋግሞ ሲመጣበት፣ ያን መድኃኒት የሚሰባብሩለትን ኢንዛይሞች ያበራክታል። አጨዳ የበዛበት ገበሬ ደቦ እንደሚጠራ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ደቦ የተጠሩት ሠራተኞች የባለቤቱን ማሳ ብቻ አጭደው አይመለሱም፤ የጎረቤቱንም ያጭዳሉ። የደም ማቅጠኛውን፣ የወሊድ መከላከያውን፣ ቫይታሚን ዲውን፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሁሉ አብረው ያነሱታል። ሕክምና ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ቁልፉም የተገኘው ካንሰር እንዲይዛቸው ቀለም ከተመገቡ አይጦች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1857 እስከ 1911፦ ጉበት የማያውቀው ጨው

በግንቦት 1857 የለንደን ሐኪሞች ተሰብስበው ኤድዋርድ ሲቭኪንግ ስለ ሚጥል በሽታ ያቀረበውን ጽሑፍ ያዳምጡ ነበር። በውይይቱ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ አዋላጅ ሐኪም የነበረው ሰር ቻርልስ ሎኮክ ተነሣ። በወር አበባቸው ሰሞን ለሚጥላቸው ሴቶች ፖታሲየም ብሮማይድ ሲሰጥ ቆይቶ መልካም ውጤት ማየቱን ተናገረ። የመጀመሪያው በእርግጥ የሚሠራ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በዚህ መንገድ፣ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ በተሰጠ አስተያየት፣ ወደ ሕክምናው ዓለም ገባ።

ብሮማይድ ጨው ነው። ጉበት አይሰባብረውም፣ አይለውጠውም፤ እንደገባ ሆኖ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። አወጣጡም በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ሰውነት ከገባው ግማሹን ለማስወገድ 12 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በየቀኑ ሲዋጥ ታዲያ ይጠራቀማል። ለዓመታት የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው በቁስል ይሸፈን፣ ድብታ ይጫናቸው፣ ማስታወስ ይሳናቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ይቃዡ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለሃምሳ ዓመት ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሊያስቡበት የሚገባው አካል ኩላሊት ብቻ ስለነበር፣ ጉበት ከዚህ ታሪክ ውጪ ነበር።

1912፦ የእንቅልፍ መድኃኒቱ

በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን ይከታተል ነበር። እንደሚነገረው መኖሪያው ከሕሙማኑ ክፍል በላይ ስለነበር ሌሊት በሚጥላቸው ጊዜ የሚሰማው ጫጫታ እንቅልፍ ይነሣው ነበር። ስለዚህ የባየር ኩባንያ በዚያው ዓመት ሉሚናል ብሎ ለገበያ ያወጣውን አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው። መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ነው። ሕሙማኑ ተኙ። ሃውፕትማንን ያስገረመው ግን ከእንቅልፋቸው በኋላ ያየው ነው፤ ቀን ነቅተው ሳሉም የሚጥላቸው ጊዜ እየቀነሰ ሄደ። ያየውን ጽፎ በ1912 አሳተመ።

የዚህ ሰው መጨረሻ ልብ ይነካል። በኋላ በሃለ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ይሁዲ በመሆኑ ግን ናዚዎች ከሥራው አባረሩት። በ1938 ዳካው በሚባለው የማጎሪያ ካምፕ ታሰረ። ከዚያ ወጥቶ አሜሪካ ገባና በ1948 በስደት ሞተ። ያገኘው መድኃኒት ግን ዛሬም በዓለም ዙሪያ፣ በተለይ በድሃ አገሮች፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በየማታው የሚውጡት ነው።

ፊኖባርቢታል እንደ ብሮማይድ ጨው አይደለም። በስብ የሚሟሟ ሞለኪውል ነውና ኩላሊት እንዳለ ጠራርጎ ሊያስወጣው አይችልም፤ አብዛኛው መጀመሪያ በጉበት መለወጥ አለበት። ከ1912 ጀምሮ የሚጥል በሽታ ሕክምና በጉበት እጅ ወደቀ። ይህን ግን ለአርባ ሰባት ዓመት ያስተዋለ አልነበረም።

1938፦ የቦስተን ድመቶች

ቀጣዩ መታጠፊያ በቦስተን ከተማ ሆስፒታል ተገኘ። ሂውስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም የሚጥል በሽታን የሚያስታግስ መድኃኒት የግድ ማስተኛት አለበት የሚለውን እምነት ሊፈትኑ ተነሡ። ድመቶችን ለማንቀጥቀጥ ምን ያህል የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚያስፈልግ ለኩ፤ ከዚያ ከመድኃኒት ኩባንያዎች ያገኟቸውን ኬሚካሎች አንድ በአንድ እየሰጡ ልኬቱን ደገሙት። ከሁሉም ልቆ የተገኘው ፊኒቶይን ነው። ሃይንሪኽ ቢልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1908 የሠራው ቢሆንም እንቅልፍ ስለማያመጣ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ቆይቶ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያስናቀው ጠባይ አሁን ትልቁ ጸጋው ሆነ።

ፊኒቶይን አንድ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው። እሱን የሚሰባብረው የጉበት ኢንዛይም አቅሙ ቶሎ ይሞላል። አቅሙ እስኪሞላ ድረስ ሁሉ ነገር ደህና ይሄዳል፤ ከሞላ በኋላ ግን በቀን 300 ሚሊግራም ለሚወስድ ሰው 100 ቢጨመርለት በደሙ ያለው መጠን በሲሶ ብቻ አያድግም፤ እጥፍ ሊሆን፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ፊኖባርቢታልንና ፊኒቶይንን አጣምሮ ማዘዝ የተለመደ ሆነ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ አብረው ቢሰጡ ይደጋገፋሉ ተባለ። አንዱ መድኃኒት ሌላውን በጉበት በኩል ሊነካው እንደሚችል የጠረጠረ አልነበረም። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካትም ገና አልተለመደም። ሕመሙ ተመልሶ ሕመምተኛውን ሲጥለው ሐኪሙ ሁለት ነገር ብቻ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ወይ በሽታው ጠንክሯል፣ ወይ ሕመምተኛው ክኒኑን አልዋጠም። ከእነዚህ ሕሙማን ውስጥ ስንቱ ሰው «መድኃኒትህን በትክክል አትወስድም» ተብሎ በሐሰት እንደተወቀሰ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ከ1952 እስከ 1956፦ ሁለት መርዝ አብሮ ሲሰጥ

አሁን ታሪኩ ከሚጥል በሽታ ርቆ ወደ ካንሰር ምርምር ይሻገራል። በ1952 ሪቻርድሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አይጦችን ሁለት ካንሰር አምጪ ነገሮች አብረው መገቧቸው። አንደኛው ቀድሞ ቅቤን ለማቢጨት ይውል ከነበረ ቀለም ጋር የሚዛመድ፣ የጉበት ካንሰር የሚያመጣ ቀለም ነው። ሁለተኛው ሜቲልኮላንትሪን የሚባል ኃይለኛ ካንሰር አምጪ ነው። ሁለት መርዝ ሲደመር ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ ማንም ይጠብቃል። የሆነው ተቃራኒው ነበር፤ ሁለቱን አብረው የበሉት አይጦች የጉበት ካንሰር በብዙ ቀነሰላቸው።

እንቆቅልሹን የፈቱት በዊስከንሰን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን የሚሠሩት ባልና ሚስቱ ጄምስና ኤልሳቤጥ ሚለር፣ ከተማሪያቸው ከአለን ኮኒ ጋር ነው። ኮኒ ለአይጦች አንድ ጊዜ ብቻ ሜቲልኮላንትሪን ወጋቸው። በአንድ ቀን ውስጥ ቀለሙን የሚሰባብረው የጉበታቸው ኢንዛይም ሥራ ብዙ እጥፍ አደገ። አይጦቹን ከካንሰር ያዳናቸው ጉበታቸው ቀለሙን ጉዳት ሳያደርስ በፍጥነት ማስወገዱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ወሳኝ ነው። የነበሩት ኢንዛይሞች ናቸው ይበልጥ የሠሩት ወይስ አዲስ ተሠርተዋል? ኮኒ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ ኤቲዮኒን የተባለ ኬሚካል ጨመረ፤ ለውጡ ቆመ። የኤቲዮኒንን ሥራ የሚሽረውን ሜቲዮኒንን ሲሰጥ ለውጡ ተመለሰ። ስለዚህ ጉበት አዳዲስ ኢንዛይም እየሠራ ነበር ማለት ነው። ውጤቱ በ1956 ታተመ። ከባዕድ ኬሚካል ጋር የተገናኘ ጉበት የራሱን ማምረቻ እንደሚያሰፋ የተረጋገጠው ያኔ ነው።

ከ1959 እስከ 1965፦ የማዲሰን ግኝት ወደ መድኃኒት ቤት

ኮኒ ትምህርቱን ጨርሶ ከጆን በርንስ ጋር መሥራት ጀመረ። ካንሰር አምጪ ኬሚካል ያደረገውን ተራ መድኃኒትም ያደርገው ይሆን? ከሞከሯቸው መካከል ፊኖባርቢታል ጎልቶ ወጣ። በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ፊኖባርቢታል አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች ሌሎች መድኃኒቶችን ከተለመደው እጅግ ፈጥነው እንደሚያስወግዱ አሳዩ። በዚያው ሰሞን በበርሊን ኸርበርት ረመር ለብቻው ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሶ ነበር። የሱ መነሻ ጥያቄ ቀላል ነበር። የእንቅልፍ መድኃኒት ደጋግሞ የወሰደ እንስሳ ለምን ቶሎ ይነቃል? እንደተባለው አንጎሉ መድኃኒቱን ስለለመደ ብቻ አይደለም፤ ጉበቱም መድኃኒቱን እየጨረሰበት ነው።

በ1963 ረመርና ባልደረባው ሜርከር የአይጥ ጉበትን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ፊኖባርቢታል በተሰጣቸው አይጦች የጉበት ሴል ውስጥ ኢንዛይሞቹ የሚቀመጡበት ስስ ሽፋን ተባዝቶ አገኙት። ደቦው በዓይን ታየ። በተመሳሳይ ዓመታት በጃፓን ኦሙራና ሳቶ ኢንዛይሞቹን ራሳቸውን ለዩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጣበቅባቸው የ450 ናኖሜትር ብርሃን አጥብቀው ስለሚመጡ ሳይቶክሮም ፒ 450 ተባሉ። ዛሬ የዚህ ቤተሰብ አባላት በቁጥርና በፊደል ተለይተው ይታወቃሉ፤ አንዱ ፊኒቶይንንና የደም ማቅጠኛን፣ ሌላው ደግሞ ወደፊት የምናገኘውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒንን ይመነዝራል።

ነገሩ ከአይጥ ወደ ሰው የተሻገረው በ1965 ነው። ኩሲኔል፣ ኮኒና ባልደረቦቻቸው ፊኖባርቢታል በሰዎች ደም ውስጥ የፊኒቶይንን መጠን እንደሚያወርድ አሳዩ። ከሃያ ዓመት በላይ ተደጋጋፊ ተብለው አብረው የታዘዙት ሁለቱ መድኃኒቶች ማለት ነው። ዲኩማሮል የሚባለውን የደም ማቅጠኛም እንደሚያወርደው አሳዩ። የኋለኛው አደጋው በሁለት ወገን ነው። ፊኖባርቢታል ሲጀመር ደም ማቅጠኛው ይዳከማል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይጨምራል። ፊኖባርቢታል ሲቆም ደግሞ የበረከቱት ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ይመናመናሉ፤ የተጨመረው ደም ማቅጠኛ ግን እንዳለ ነው። ያኔ ሕመምተኛው ደሙ መፍሰስ ሊጀምር ይችላል። መድኃኒት መጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም ሌላውን መድኃኒት እንደሚለውጥ ሐኪሞች የተማሩት በዚህ ነው።

ከ1966 እስከ 1979፦ ጥቅሙም ዕዳውም

የዚህ ዘመን መጀመሪያ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። በ1966 ያፌና ባልደረቦቹ ጉበቱ ቢሊሩቢንን ማስወገድ ተስኖት ቆዳው ቢጫ የሆነ ሕፃን ፊኖባርቢታል ሰጡት። ቢጫነቱ ቀነሰ፤ ሲያቆሙት ተመለሰ። ችግር ሲባል የነበረው ኢንዳክሽን ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ሆነ።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ሄን ኩት የነገሩን ሌላ ገጽታ አሳየ። ፊኒቶይን የሚወስዱ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይሶናያዚድ ሲጀምሩ አንዳንዶቹ መራመድ እስኪያቅታቸው ይሰክራሉ። አይሶናያዚድ የጉበቱን ኢንዛይም ስለሚያዳፍነው ፊኒቶይኑ ይከማቻል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኩት በደም ውስጥ ያለው ፊኒቶይን በሚሊሊትር ከ20 ማይክሮግራም ሲያልፍ ዓይን መርገብገብ፣ ከ30 ሲያልፍ እግር መንገዳገድ፣ ከ40 ሲያልፍ አእምሮ መደናገር እንደሚጀምር ጽፎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት መጣ፤ እሱ ደግሞ ከሚታወቁት ኢንዛይም አብራኪዎች ሁሉ የበረታው ነው። ስለዚህ አንድ የቲቢ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ አንዱ መድኃኒቱ ኢንዛይሙን እያፈነ ሌላው እያበራከተ ሊገኝ ይችላል።

ዕዳው በአጥንት ላይ ታየ። በ1970 ቻርልስ ዴንትና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች አጥንታቸው እየለሰለሰ መሆኑን በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ጻፉ። የተባዙት ኢንዛይሞች ቫይታሚን ዲንም እየመነዘሩት ነበር። ሰዎቹ በሚጥላቸው ጊዜ ወድቀው አጥንታቸው ሲሰበር፣ ስብራቱ በመውደቃቸው ብቻ የመጣ መስሎ ቆይቷል።

በ1972 በዚያው መጽሔት አንዲት የወሊድ መከላከያ ክኒን በትክክል እየዋጠች ሳለ ያረገዘች የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ታሪክ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉ። በክኒኑ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን በፊኖባርቢታል፣ በፊኒቶይንና በካርባማዜፒን በተባዙት ኢንዛይሞች ቶሎ ይጠፋ ነበር። እዚህም ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው የሴቷ መርሳት ነበር።

ካርባማዜፒንን ዋልተር ሽንድለር በስዊዘርላንድ ባዝል በጋይጊ ኩባንያ በ1953 ሠራው፤ በ1960ዎቹ በአውሮፓ፣ በ1974 ደግሞ በአሜሪካ ለሚጥል በሽታ ተፈቀደ። የሱ ልዩ ነገር ለራሱ መቃብር መቆፈሩ ነው። የመጀመሪያው ክኒን ሲዋጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ25 እስከ 65 ሰዓት ይፈጅበታል። ደጋግሞ ሲዋጥ ግን ጉበት ኢንዛይሞቹን ስለሚያበዛ ይህ ጊዜ ወደ 12 ወይም 17 ሰዓት ይወርዳል። ለውጡ የሚጠናቀቀው ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ የተጠቀሰው ሰው የሚውጠው ይህን መድኃኒት ነው። ዛሬ ሐኪም ካርባማዜፒንን በትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምረው በከፊል ለዚህ ነው።

ዴንማርካዊው ፍሪትዝ ቡክታልና ባልደረቦቹ በ1960 የፊኒቶይንን የደም መጠን ከሕሙማኑ ሁኔታ ጋር አስተያይተው ነበር። በ1970ዎቹ ፈጣን የላብራቶሪ ዘዴዎች ሲመጡ ደም መመርመር የዘወትር ሥራ ሆነ። ሕመምተኛውን ከመወንጀል በፊት መለካት ተቻለ።

የዘመኑ ሌላ እንግዳ ቫልፕሮይክ አሲድ ነው። በፈረንሳይ ግሮኖብል ፒየር ኤማር ሌሎች ኬሚካሎችን ለማሟሟት ይጠቀምበት ነበር፤ የሚሟሟው ምንም ይሁን ምን እንስሳቱ ከመንቀጥቀጥ ሲድኑ አየ። መድኃኒቱ ፈሳሹ ራሱ ነበር። በ1967 በፈረንሳይ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት (በአጭሩ ቫልፕሮት) ኢንዛይም አያበራክትም፤ እንዲያውም ያዳክማል፤ አብሮት ያለው ፊኖባርቢታል በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል።

ከ1989 እስከ 2000፦ ጉበትን የማይቀሰቅሱ መድኃኒቶች ፍለጋ

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ መድኃኒቶች ተራ በተራ ወጡ። አንዳንዶቹ፣ እንደ ጋባፔንቲንና ሌቬቲራሴታም፣ ጉበትን ብዙም ሳይነኩ በኩላሊት ይወጣሉ። በዚህ ረገድ ሕክምናው ወደ ብሮማይድ መንገድ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ የብሮማይድን መርዝ ትቶ።

ላሞትሪጅን ግን በጉበት በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ አብሮት የሚዋጠው መድኃኒት ይወስነዋል። ለብቻው ሲወሰድ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከፊኒቶይን ወይም ከካርባማዜፒን ጋር ሲሆን ወደ 14 ሰዓት ይወርዳል። ከቫልፕሮት ጋር ሲሆን ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ይቆያል። አንድ ዓይነት ክኒን ለሦስት ሰዎች ቢሰጥ ለአንዱ ትንሽ፣ ለአንዱ በቂ፣ ለሦስተኛው አደገኛ ሊሆን ይችላል። በቫልፕሮት ላይ ላሞትሪጅንን በፍጥነት መጨመር ቆዳን የሚልጥ ከባድ ሽፍታ እስከማምጣት ይደርሳል። ከ2000 በኋላ ደግሞ ከዴንማርክ የወጡ ጥናቶች ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ላሞትሪጅንን በግማሽና ከዚያ በላይ እንደሚያወርደው አሳዩ። በ1972 መድኃኒቱ ክኒኑን ሲያሸንፍ ታይቶ ነበር፤ አሁን ክኒኑ መድኃኒቱን አሸነፈ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በ2000 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ነው። በሜምፊስ የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ሜሪ ሬሊንግና ባልደረቦቿ፣ የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት የሕክምና መዝገብ አጠኑ። ከካንሰር መድኃኒታቸው ጎን ለረጅም ጊዜ ኢንዛይም አብራኪ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የወሰዱት ሕፃናት የካንሰር መድኃኒቱን ከሌሎቹ ፈጥነው ያስወግዱ ነበር፤ በሽታው የተመለሰባቸውም ይበዙ ነበር። ማንቀጥቀጡን ያቆመላቸው መድኃኒት ሕይወታቸውን የሚያተርፈውን ይበላባቸው ነበር።

ከ1998 እስከ 2013፦ ደቦውን የሚጠራው ማን ነው?

ጉበት ኢንዛይም እንደሚያበራክት ከታወቀ አርባ ዓመት ቢያልፍም፣ ትእዛዙን የሚሰጠው አልታወቀም ነበር። በ1998 በአሜሪካ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በኖርዝ ካሮላይና በግላክሶ ዌልካም ኩባንያ፣ ሌላው በካሊፎርኒያ በሳልክ ተቋም፣ ፒኤክስአር የተባለውን ተቀባይ አገኙ። ፒኤክስአር በጉበት ሴል ውስጥ እንደ ዘበኛ ነው። ባዕድ ሞለኪውል ሲመጣ ይይዘዋል፤ ከዘረመሉ ጋር ተጣብቆ «ኢንዛይም ሥሩ» ይላል። ሪፋምፒሲንን እንዲሁም ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ብዙዎቹን ይይዛል። ለድብርት ይወሰድ የነበረ አንድ የአውሮፓ ዕፅ ለምን የሌሎች መድኃኒቶችን ኃይል እንደሚያጠፋም በዚሁ ዘበኛ በ2000 ተብራራ።

ሰውነት ይህን ዘበኛ ያቆመው ከዕፅዋትና ከምግብ የሚመጣ መርዝን ለመከላከል ነው። ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ይግባ በስህተት ይበላ ለይቶ አያውቅም።

ፊኖባርቢታል ግን ሌላ መንገድ ነበረው። ሲኤአር በተባለ ሁለተኛ ዘበኛ በኩል እንደሚሠራ ቢታወቅም፣ የሚገርመው ከሲኤአር ጋር አለመጣበቁ ነው። ታዲያ እንዴት ይቀሰቅሰዋል? መልሱን ማሳሂኮ ኔጊሺና ባልደረቦቹ በኖርዝ ካሮላይና በ2013 አገኙት። ፊኖባርቢታል የሚይዘው በሴሉ ወለል ላይ ያለውን የዕድገት ምልክት ተቀባይ ነው፤ ተቀባዩ ዝም ሲል ሲኤአር ከታሰረበት ይፈታና ወደ ሴሉ ማዕከል ይሄዳል። ሃውፕትማን ፍራይቡርግ ላይ ያንን መድኃኒት ከሰጠ 101 ዓመት ሆኖት ነበር።

በመሃሉ ዕዳው ከአጥንት ወደ ደም ሥር እንደሚሻገርም ታወቀ። በ2009 በፊላደልፊያ ስኮት ሚንትዘርና ባልደረቦቹ ፊኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን ይወስዱ የነበሩ ሰዎችን ኢንዛይም ወደማያበራክት መድኃኒት አዛወሯቸው። በ6 ሳምንት ውስጥ የደማቸው ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 25 ሚሊግራም ያህል ወረደ።

ከ1990 ወዲህ፦ ኢትዮጵያ

በ1990 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ተዘዋውረው ባካሄዱት ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳተሙ። ብዙ ሰው ጸበል በሚሄድበት፣ ሲጥለው ክብሪት ጭረው በሚያሸትቱት አገር፣ ሐኪም ቤት ለደረሰው ሰው በብዛት የሚገኘው መድኃኒት ፊኖባርቢታል ነው። ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው የዓመት ሕክምና እስከ 5 ዶላር ሊወርድ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ የሃውፕትማን መድኃኒት ከነኢንዛይሙ ዛሬም እዚህ አለ።

ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ጉበት ምርምርም ስም አላቸው። በ1996 እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተባዝቶ ተገኘባቸው። በ2002 ደግሞ አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው ኢትዮጵያውያን ስዊድን ሲኖሩና ኢትዮጵያ ሲኖሩ የዚህ ኢንዛይም ሥራቸው እንደሚለያይ ታየ። ይህ ኢንዛይም ፊኒቶይንን የሚመነዝረው ባይሆንም፣ በሌላ አገር ሰዎች ላይ የተለካ መጠን እንዳለ መቅዳት እንደማይበቃ ያሳያል።

የወሊድ መከላከያው ጉዳይ እዚህ ሌላ መልክ አለው። የሦስት ወሩ መርፌ በፊኖባርቢታል እምብዛም አይነካም። ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀብሩት ኢምፕላኖን ግን ሆርሞኑ በተባዙት ኢንዛይሞች ሊቀንስ ይችላል። ኢምፕላኖን የሚቀበርላት ሴት በሌላ ክፍል ፊኖባርቢታል እንደምትወስድ ካልተጠየቀች አይታወቅም።

በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪርን ለኤችአይቪ ተመራጭ የመጀመሪያ መድኃኒት አደረገ፤ ኢትዮጵያም ወደሱ ተሻግራለች። በቀን አንድ 50 ሚሊግራም ክኒን ይበቃል። ካርባማዜፒን ለሚወስድ ግን በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት፤ ከፊኖባርቢታልና ከፊኒቶይን ጋር ደግሞ እንዳይጣመር ይመከራል። ቫልፕሮት ከዶሉቴግራቪር ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያመጣ ልትወልድ ለምትችል ሴት አይመረጥም። ሌቬቲራሴታም ከሁለቱም ችግር ነፃ ነው፤ ነገር ግን ከፊኖባርቢታል ይወደዳል፤ በየጤና ጣቢያውም እንደ ልብ አይገኝም። ፊኖባርቢታልን በአንድ ቀን ማቋረጥ ደግሞ ሳያቋርጥ እንዲጥላት ሊያደርግ ስለሚችል በወራት ውስጥ ቀስ እያሉ መቀነስ ግድ ነው። ኤችአይቪም የሚጥል በሽታም ያለባት ወጣት ሴት ፊት የተቀመጠ ሐኪም የሚመርጠው ከእነዚህ መካከል ነው።

በዚህ ላይ ቲቢ ከተጨመረ ሪፋምፒሲን ይመጣል፤ ዶሉቴግራቪሩም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። የቲቢው ሕክምና አልቆ ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ለ2 ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ መዋጡ ይቀጥላል፤ ጉበት የጠራው ደቦ ለመበተን ያን ያህል ጊዜ ይወስድበታልና።